ጭሱ ይውጣ እንጂ እናቴ አትወጣም

ጥቅምት 9

ለእህቴ ልጅ፣ ለጠበቃዋ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ደጃችሁን ያንኳኳ። እኔ ደህና ነኝ፤ የባሕር ማዶው ብርድም የሆስፒታሉ ወጥ ቤት ሥራም እንደ ልማዱ ነው። እግዜር አንቺንም እናትሽንም በጤና ያቆይልኝ። ግን ምርቃት ብቻውን ሳንባ አያድንም፤ ብዕር ያነሳሁትም ለዚሁ ነው።

ለምን አልደወሉም እንዳትይኝ። ደውዬ ነበር። «ሐኪሙ ምን አለሽ?» ብላት እትዬ «ሐኪም ምን ያውቃል፣ ሽንኩርት ከትፎ አያውቅ!» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። መልሼ ብደውል እኔም ጮህኩ፣ እሷም ጮኸች፣ መስመሩ ራሱ ፈርቶ ተቋረጠ። እኔና እሷ በአፍ ተነጋግረን ተስማምተን ስለማናውቅ ከእንግዲህ በወረቀት ይሁን። ወረቀት አይጮህም።

ሐኪሙ ያለውን ከሌላ ሰው ሰምቻለሁ። ሳንባዋን ጭስ ጎድቶታል፤ ከጭስ ካልራቀች አንድ ቀን እዚያው ድስቷ አጠገብ ትቀራለች ብሏል። ስለዚህ ወስኛለሁ። በዕድሜ ባንስም የቤቱ ወንድ እኔ ነኝ። የጋራዡ ምግብ ቤት ይዘጋ። ለጡረታዬ እዚያው አገር ቤት ያሠራሁት ቤት ባዶውን ተቀምጧል፤ ግቢው ሰፊ፣ አየሩ ንጹሕ፣ በረንዳውን ፀሐይ የሚመታው ነው። እዚያ ትቀመጥ። ምንም አትሥራ። ዕድሜዋን ሙሉ ለሾፌርና ለመካኒክ ስትቀቅል ኖራለች፣ ይብቃት።

ያንን ሦስት አፍ ያለውን የጡብ ምድጃ በገዛ እጄ የሠራሁላት እኔ ነኝና ይዘጋ ስል የማይቆጨኝ እንዳይመስልሽ። አደራ፣ አሳምኛት። የሚወስዳት መኪና እኔ አዘጋጃለሁ።

አጎትሽ

ጥቅምት 27

ለተከበሩት አጎቴ፣

ጤናዎ ይብዛ፣ ደስታዎ ይብዛ፣ ብርዱ ብቻ ይነስልዎ። እኛ ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነውን እርስዎም ያውቁታል።

ደብዳቤዎን ለእማዬ አነበብኩላት። «ምንም አትሥራ» የሚለው ላይ ስደርስ «እስቲ ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። «በይ አሁን የእኔን መልስ ጻፊ» አለች። ያለችውን ግን አልጽፈውም፤ ፖስታ ቤት የሚሠሩት ሰዎች ልጆች አሏቸው።

ጋሼ፣ ጠበቃ ብለው ሰይመውኝ የለ፣ እንግዲህ ልሟገት። ሐኪሙ ያለው ከጭስ ትራቅ ነው። ከምግብ ቤቱ ትራቅ አላለም። እርስዎ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልለው ፈረዱባት። ጭሱ ይውጣ እንጂ እናቴ አትወጣም።

ያቺ ከጋራዡ ጀርባ ያለች ክፍል ጠባብ ናት፣ ግድግዳዋ ጥላሸት ለብሷል፣ ቆርቆሮው በክረምት ያፈሳል። ግን እማዬ ጠዋት በሩን ስትከፍት እንዴት እንደምትቆም ቢያዩአት! ሾፌሮቹ ገና ሞተር ሳያስነሱ «እማማ፣ ዛሬ ምን አለ?» ብለው ይጮሃሉ፤ እሷም «የምትከፍሉት ካላችሁ ሁሉም አለ» ትላቸዋለች። እርስዎ በረንዳ ላይ ቢያስቀምጧት የምትሞተው በሳንባዋ ሳይሆን በብስጭት ነው።

ያሰብነው ይኸውልዎ። የጋራዡ ኤሌክትሪሺያን ኢንዳክሽን ስለሚባል ምድጃ ነገረን። እሳት የለውም። ላዩ መስታወት ነው፣ ከሥሩ የተጠመጠመ ሽቦ አለው፤ ሽቦው አይግልም፣ ድስቱ ራሱ እንዲግል ያደርገዋል። እንጨት ስናነድ ከአሥር እጅ ሙቀት ወደ ድስቱ የሚገባው አንድ ወይ ሁለት እጅ ቢሆን ነው አለኝ። የቀረውስ? የቀረው የሚያሞቀው ቆርቆሮውንና የእማዬን ፊት ነው። ጋዝ እንኳ ከግማሹ በላይ በድስቱ ጎን ያመልጣል። ይሄኛው ከአሥሩ ስምንት እጅ፣ ከዚያም በላይ፣ ለምግቡ ይሰጣል። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነበር። ያን ሁሉ ዓመት እናቴ ስታስል የኖረችው ቆርቆሮ ለማሞቅ ነው?

ደግሞ እንጨቱ። እርስዎ በነበሩበት ጊዜ ከከተማው ጫፍ ይመጣ ነበር። አሁን የሚያመጣው መኪና ግማሽ ቀን ይነዳል፤ በመንገዱ ያለው ኮረብታ ሁሉ ራሰ በራ ሆኗል። ዛፉ የለም፣ ጭሱ ግን ላይ ሄዶ አየሩን ያሞቀዋል። ዝናቡ ሲያሻው ይቀራል፣ ሲያሻው ጋራዡን ያጥለቀልቃል። የእኛ መብራት የሚመጣው ከግድብ ውኃ ነው። ውኃው እየፈሰሰ ሳለ እኛ ዛፍ የምንፈጅበት ምክንያት አልታይ አለኝ።

ገንዘብ አልጠየቅንዎትም፤ ያስቀመጥናት አለች። የምንፈልገው ምርቃትዎን ነው።

የእህትዎ ልጅ

ኅዳር 19

ለጠበቃዋ፣

ሰላም ለቤታችሁ። ምርቃቱ ይቆየኝ፤ አስቀድሜ ልቆጣ።

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ። አንድ ኤሌክትሪሺያን መጥቶ ስምንት እጅ፣ ሁለት እጅ ብሎ ስላወራ እናትሽን ታሳምኚያታለሽ? እሳት የሌለው ምድጃ ምኑን ምድጃ ሆነ? ምግብ አብሳይ እሳቱን በዓይኑ ያያል፣ በጆሮው ይሰማል፣ ሙቀቱን በጉንጩ ይለካል። እናታችን ያስተማረችን እንዲያ ነው። መስታወት ላይ ተቀምጦ የሚበስል ነገር ሆድ ይሞላ ይሆናል፣ ጣዕም ግን አይኖረውም። ይህን የምልሽ ዕድሜውን ሙሉ ድስት ፊት የቆመ ሰው ነው።

መብራት ሲጠፋስ? ለሾፌሮቹ የይቅርታ ደብዳቤ ልታድያቸው ነው?

ሰማዩን ደግሞ ተይው። ከመኝታዬ መስኮት የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ይታየኛል፤ ሲነጋም ሲመሽም ይተፋል። እሱ ሳይጠፋ የእትዬን ሦስት ድስት አጥፍተሽ አየሩን ልታቀዘቅዢው? መጀመሪያ እነሱ ያጥፉ። እናንተ የቆጡን አወርድ ብላችሁ የብብታችሁን ትጥላላችሁ፤ ምግብ ቤቱም ይከስራል፣ እትዬም አትድንም።

እኔ የምለው አንድ ነው። ትረፍ። ምድጃዬን እንዳትነኩ።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 8

ለተከበሩት አጎቴ፣

ቁጣዎ እንኳ ሙቀት አለውና በዚያ ብርድ አገር ያሙቅዎ። እማዬ ሰላም ብላዎታለች፤ ይህንን ያለችው በራሷ ፈቃድ ነው።

ምድጃውን አፍርሰነዋል።

አስቀድሜ የነገርኩዎ በመሃል ሲያገኙት እንዳይደነግጡ ብዬ ነው። እማዬ ናት የመጀመሪያውን ጡብ የነቀለችው። «ወንድሜ ሲሠራው ጎበዝ ነበር፤ ለመንቀል እንኳ አስቸገረኝ» አለች። ኤሌክትሪሺያኑ ከቆጣሪው ጀምሮ ወፍራም ሽቦ ለብቻው ዘረጋልን፣ ለየምድጃው የሚያጠፋ ብሬከር ገጠመ። ጥላሸቱን በቢላ ፍቀን ግድግዳውን ኖራ ቀባነው። ክፍሉ መስኮት እንዳለው ያወቅነው ያኔ ነው።

ከዚያ መከራው መጣ። ማግኔት የማይዘው ድስት በዚህ ምድጃ ላይ አይሞቅም። የእኛዎቹ ትልልቅ ድስቶች አሉሚኒየም ናቸው፤ አንዱም አልያዘም። ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በገመድ አስሬ ገበያ ወጣሁ፤ በየሱቁ እየገባሁ ድስት ቂጥ ላይ አንጠለጥላለሁ። አንዱ ነጋዴ «እህቴ፣ ድስት ነው የምትገዢው ወይስ ዓሣ ነው የምታጠምጂው?» አለኝ። ይሳቅ። ድስቶቹን ይዤ ገባሁ።

የመጀመሪያው ቀን ግን፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ውርደት ነበር። በእኛ ቤት ድስት ይነሳል አይደል? እሳቱ ሲበረታ ድስቱን ከፍ አድርጎ አየር ማስበላት፣ ረገብ ሲል መልሶ መጣድ። አያቴ ለሁለታችሁም ያስተማረቻችሁ። እማዬ እጇ ሳታዘው ያደርገዋል። ይሄ ምድጃ ደግሞ ድስቱ ሲነሳበት ጢጥ ይልና ሥራውን ያቆማል። ከቆየችበት ጭራሹን ይጠፋል። እሷ ነበልባል ስለማታይ እየሠራ ይመስላታል። ባቄላውን እያነሳች እየጣደች፣ እያነሳች እየጣደች፣ የምሳ ሰዓት ደረሰ። ዋናው መካኒክ አንድ ማንኪያ ጎረሰና «እማማ፣ ይሄ ባቄላ ነው ወይስ ቡሎን?» አለ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ ሳይበላም ወጣ። እማዬ የድንች ጆንያ ላይ ቁጭ ብላ መሬት መሬቱን አየች። ሰው ከእሷ ቤት ተርቦ ወጥቶ አያውቅማ። አንጀቴን በላችው። እርስዎን ጠርተን ተሸነፍን ልንል ነው ብዬ ነበር።

በማግሥቱ ከእኔ ቀድማ ገብታ አገኘኋት። ከፈረሰው ምድጃ አንድ ጡብ አጥባ፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣ የድስቱ ክዳን ላይ ጭናበታለች። «እጄ ሲረሳ ጡቡ ያስታውሰዋል» አለችኝ። ድስት ማንሳት ሲያምራት የምድጃውን የሙቀት ቁጥር በጣቷ ትቀንሳለች። ባቄላው ቅቤ ሆነ። መካኒኩ ሁለቴ አስጨመረ፤ እሷም ሁለቴ ሰደበችው።

መብራት ሲጠፋ ላሉት፣ የፈላውን ድስት በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልለን ሣር የሞላ ሣጥን ውስጥ እንከተዋለን። ሙቀቱን ይዞ ለብቻው ይበስላል። ለክፉ ቀን ደግሞ አንድ የጋዝ ሲሊንደር ጥግ ላይ አለች።

«መጀመሪያ እነሱ ያጥፉ» ላሉት ግን እምቢ። ፋብሪካው ማጥፋት አለበት፣ ይህን ማንም አይክድም፤ ከእኛ በላይ የበደለው እሱ ነው። እሱ እስኪያፍር ድረስ እማዬ ጭስ ትዋጥ ማለት ግን ምን የሚሉት ፍርድ ነው? ጎረቤት ግቢውን ስላልጠረገ እኔ ቆሻሻ ላይ አልተኛም። እኛ ያጠፋናት ጭስ ትንሽ ናት፤ ግን የእኛ ነበረች፣ አጠፋናት።

አንድ ጥያቄ አለኝ። እርስዎ በሚሠሩበት ሆስፒታል ወጥ ቤት ውስጥ አሁን የሚያበስሉት በምንድን ነው? ኤሌክትሪሺያኑ እዚያ አገር ብዙ ቦታ ጋዙን እያወጡት ነው ብሎኛል።

የእህትዎ ልጅ

ታኅሣሥ 26

ለእህቴ ልጅ፣

ምድጃዬን ያፈረሰ እጅ ደብዳቤ ባይጽፍልኝ በወደድኩ።

ቡሎኑን ባቄላ አንብቤአለሁ። ለእኔ የሚበቃኝ እሱ ነው። ሾፌሩ ወዳጄ በጥር መጀመሪያ በዚያ በኩል ያልፋል። እትዬ ልብሷን ትያዝ፤ ወደ ቤቴ ይወስዳታል። ክርክር አልቋል።

አጎትሽ

ጥር 14

ለተከበሩት አጎቴ፣

የሰጠዎት ዕድሜ ከነጉልበቱ ይሁን። ጥያቄዬን አልመለሱልኝም፤ እኔ ግን የመልእክተኛዎን ነገር ልንገርዎ።

ሾፌሩ ወዳጅዎ መጣ። ያንን የሚያህል የጭነት መኪና ጋራዡ በር ላይ አቁሞ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ እንደ ለቅሶ ቤት አንገቱን ደፍቶ ገባ። «እትዬ፣ እንግዲህ እኔ የታዘዝኩ ሰው ነኝ...» ሲል እማዬ «የታዘዘ ሰው ሆዱ ባዶ ነው፤ መጀመሪያ ብላ» አለችው።

ምስርና ጥቅል ጎመን ቀረበለት። በላ። ዙሪያውን እያየ ደግሞ በላ። «እሳቱ የት ነው?» አለ። እማዬ ከድስቱ ወዲያ ያለውን መስታወት አሳየችው፤ እጁን ፈራ ተባ እያለ አሳርፎበት ሳቀ። ነጩን ግድግዳ አየ። ከዚያ የእሷን ፊት ትክ ብሎ አየና «ዓይንሽ ነጭ እንዳለው ገና ዛሬ አየሁ» አለ። እውነቱን ነው። ድሮ ሁልጊዜ እንደ በርበሬ የቀላ ነበር።

እጇን በሽርጧ ጠርጋ ፊቱ ቆመች። እንዲህ አለች፤ ቃል በቃል ነው፦ «ለወንድሜ ንገረው። የታመምኩት ሳንባዬን ነው እንጂ እግሬን አይደለም፣ እጄንም አይደለም፣ አእምሮዬንም አይደለም። ካረጀሽ ተቀመጪ ይለኛል። አልቀመጥም። ጭሱን እኔ ነኝ ያባረርኩት። ቤቱን ካጸዳሁ በኋላ ተባራሪዋ እኔ ነኝ? ሊወስደኝ ከፈለገ ራሱ ይምጣና ይሸከመኝ፤ ክብደቴን ያውቀዋል።»

ሾፌሩ ኮፍያውን አደረገ። «እኔ የምጭነው ዕቃ ነው፤ እምቢ የሚል ጭነት ጭኜ አላውቅም» አለና ለመንገዱ ምግብ አስቋጥሮ ሄደ።

ዳነች ብዬ አልዋሽዎትም። ሐኪሙ የተጎዳው አይመለስም ብሏል። ደረጃ ስትወጣ ዛሬም መሃል ላይ ታርፋለች። ግን ከዚህ በላይ እየባሰ አይደለም፤ ሳል ከእንቅልፏ መቀስቀሱን ትቷል። ጠዋት ድስት ስትጥድ ታንጎራጉራለች። ድምፅ እንዳላት እኔ ልጇ አላውቅም ነበር።

እባክዎ ዝም አይበሉን። ቢቆጡም፣ ቢሳደቡም፣ ይጻፉ።

የእህትዎ ልጅ

መጋቢት 5

ለእህቴ ልጅ፣

ዝም ማለቴን ይቅር በዪኝ። ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ ቀደድኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ግን ሞኝነቱን ይዤ ወረቀቱን ነው የለቀቅኩት።

ጥያቄሽን ልመልስ። የሆስፒታሉ ወጥ ቤት ጋዙን ካወጣ ቆየ። በቦታው የገባው ያው የእናንተው መስታወት ነው። ዋናዋ አብሳይ ጠርታ ስታሳየኝ «ወይ እኔ ወይ ይሄ» አልኳት። እሷም አልተጣላችኝም፤ እኔን ከድስት ወደ ድንች አዛወረችኝ። ከዚያ ወዲህ ከኋላ ባለችው፣ መስኮት በሌላት ክፍል ድንች እልጣለሁ። የምሳ ሰዓት ሲደርስ ሳህኖቹ በበሩ ሲያልፉ ይሸተኛል፤ የማን እጅ እንደሠራው አላውቅም።

አንድ ቀን ሰው ሳይኖር ሞክሬው ነበር። እኔም አነሳሁት። እጄ ነዋ፣ የእናቴ ልጅ አይደለሁም? ጢጥ አለብኝ። አስቀመጥኩ፣ አነሳሁ፣ ጢጥ። ዞር ብል ለካ ወጣቶቹ በሩ ላይ ቆመው ይስቃሉ። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር። ያን ቀን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ዳግም ዞር ብዬም አላየሁት። የባቄላውን ነገር ስትጽፊልኝ የሳቁብኝ እንደገና የሳቁ መሰለኝ፤ ለዚህ ነው በእናንተ ላይ የጮህኩት።

የሥራ መልቀቂያዬን ጽፌ ኪሴ ውስጥ ይዣለሁ። በሚቀጥለው ወር መጨረሻ እሰጣለሁ። እትዬን ወደዚያ ቤት የገፋፋኋት ለሳንባዋ ብቻ አልነበረም። እኔም እዚያ በረንዳ ላይ መቀመጤ ስለማይቀር፣ ብቻዬን ከምቀመጥ ከእህቴ ጋር ልቀመጥ ብዬ ነው። አሁን እሷ አትመጣም። እኔ ብቻዬን እገባለሁ።

ለእሷ እንዳትነግሪያት። ሰላም ሁኑልኝ።

አጎትሽ

መጋቢት 20

ለወንድሜ፣

የምትጽፈው ልጄ ናት፣ ቃሉ ግን የእኔ ነው፤ አንድም እንዳትቀንስ አስምያታለሁ። አትንገሪያት ያልከውን ነገረችኝ። ጠበቃ ብለህ ያሳደግካት አንተ፣ ምስጢር ትጠብቅልኛለች ያልከው አንተ።

ጤና ይስጥህ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ጤናማ ነህና ዘለልኩት። ጤናማ ሰው ነው እንግዲህ መልቀቂያ ኪሱ ከትቶ የሚዞረው። እኔ ሳንባዬ ተቀዶ ሥራዬን አለቅም ብዬ በዕድሜ ታናሼ ከሆነው ከአንተ ጋር ስፋለም ከረምኩ፤ አንተ ደረትህ ሙሉ ሆኖ አንድ ዕቃ ጢጥ ስላለህ ልትቀመጥ? በእኔ ላይ ፈርደህ አልሆነልህም። በራስህ ላይ እንድትፈርድም አልፈቅድልህም።

ሳቁብኝ አልክ። በእኔ አልሳቁም? የጋራዡ ሰው በሙሉ ነው የሳቀው። እኔ ያን ሁሉ ሰው ሆዱን ባዶ ሰድጄ በማግሥቱ እዚያው ቆሜያለሁ። እንዴት እንደቆምኩ ልንገርህ። አፍሬ ነው የቆምኩት። ሌላ መንገድ ካለ አላየሁም።

እዚያ አልጋ ላይ ያሉት በሽተኞች ጨውና ሽንኩርቱን የሚያውቅ እጅ አይገባቸውም? ወጣቶቹ ምድጃውን ያውቁ ይሆናል። ምስር መቼ ዝም እንደሚል፣ ሽንኩርት መቼ እንደሚበቃው ግን አንተ ታውቃለህ። እሱን መስታወቱ አይነግራቸውም። አንተ እሱን አስተምራቸው፣ እነሱ ቁልፉን ያስተምሩህ። መማር ነውር የሆነው በየትኛው አገር ነው?

ወረቀቱን ከኪስህ አውጣና ቅደደው፤ መቅደድ እንደሆነ ለምደሃል። ነገ ጠዋት ሽርጥህን ታጠቅ፣ ድንቹን ለሌላ ሰው ተው፣ ሄደህ ምድጃው ፊት ቁም። ይጥፋብህ። እንደገና አብራው። ይሳቁ። ምሳ ሰዓት ላይ ይበላሉ።

ያንን ቤት ደግሞ አከራየው። እኔም አንተም ገና ሥራ ላይ ነን።

እህትህ